የመጀመሪያው የማህፀን ምርመራ፦ ሳይጨነቁ ለማለፍ፣ ከቤት እስከ ምርመራው አልጋ

«አይዞሽ፣ ዘና በይ» በምርመራ ክፍል ውስጥ ብዙ የሚባል፣ ትንሽ የሚጠቅም ቃል ነው። ጡንቻ በትእዛዝ አይላላም። ፍርሃት ሲመጣ ጭን፣ መቀመጫ፣ ሆድና በብልት መግቢያ ዙሪያ ያለው ጡንቻ አንድ ላይ ይኮማተራሉ። መሣሪያው የተኮማተረውን ጡንቻ ሲገፋ ያማል፤ ሲያም ጡንቻው ይብሱን ይጠብቃል። የመጀመሪያ ምርመራቸውን «ሞቼ ነበር» እያሉ ከሚያወሩት ሴቶች ብዙዎቹን ያሳመማቸው ይሄው ዙር ነው፤ ማህፀናቸው ምንም አልሆነም። ዙሩን ለመስበር ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ፣ «ይቁም» ስትይ እንዲቆም ቀድሞ መስማማትና ጡንቻውን ቤት ውስጥ ማለማመድ ይበቃል። ድፍረት አይጠይቅም፣ ትንሽ ዝግጅት ነው የሚጠይቀው።

ምን ይደረጋል፣ ላንቺስ ያስፈልግሻል?

የማህፀን ምርመራ ሲባል ለሁሉም ሴት አንድ ዓይነት ነገር አይደረግም። ሙሉው ሲሆን በጥያቄና መልስ ይጀምርና ሆድን ከላይ ወደ መዳሰስ፣ ከዚያ ብልትን ከውጭ ወደ ማየት ይሄዳል። ቀጥሎ ስፔኩለም በሚባለው መሣሪያ የማህፀን በር ይታያል፣ ካስፈለገም ናሙና ይወሰዳል። መጨረሻ ላይ ባለሙያዋ ሁለት ጣቷን አስገብታ፣ ሌላ እጇን ሆድሽ ላይ አድርጋ ማህፀንሽን ትዳስሳለች። ስፔኩለሙ ውስጥ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ነው፤ በእጅ የሚደረገው 1 ደቂቃ ገደማ ነው። ቀሪው ወሬ፣ ልብስና ወረፋ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ «ለእኔ የትኛው ክፍል ነው የሚያስፈልገው?» ብለሽ ጠይቂ። የወሊድ መከላከያ እንክብል፣ መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን ለመጀመር ውስጥ መታየት አያስፈልግም፤ ሉፕ ለማስገባት ግን ግድ ነው። የወር አበባ ሕመም ወይም መዛባት ያለባት፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት አድርጋ የማታውቅ ልጅ ብዙውን ጊዜ በጥያቄና በሆድ ላይ አልትራሳውንድ ትጨርሳለች። ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ከግንኙነት በኋላ መድማት፣ ሥር የሰደደ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ወይም ካረጡ በኋላ መድማት ካለ ደግሞ ስፔኩለሙ የግድ ይሆናል። ሐኪሙ ሳያይ መድኃኒት ቢጽፍልሽ ደስ አይበልሽ፤ በግምት ነው የጻፈው።

የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራን በተመለከተ በኢትዮጵያ ዋናው ዕድሜ ከ30 እስከ 49 ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ከዚያ ቀደም ብለው ይጀምራሉ፣ ቶሎ ቶሎም ይደግማሉ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረውን የኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ክትባት የወሰደችም ብትሆን ዕድሜዋ ሲደርስ ትመረመራለች፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነት አይሸፍንም።

ብዙ ሴት ጠይቃ የማታውቀው ነገር ደግሞ ድንግልና ነው። ግንኙነት አድርገሽ የማታውቂ ከሆነ ገና ካርድሽን ይዘሽ እንደተቀመጥሽ ተናገሪ። ይህ ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ይቀይራል፤ ወይ ውስጥ መታየቱ ይቀራል፣ ወይ በጣም ጠባቡ መሣሪያ ይመረጣል። ቤተሰብ ወይም እጮኛ «ድንግል መሆኗ ይረጋገጥልን» ብሎ ከላከሽ ግን ይህ ሕክምና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት ሴት ግንኙነት ማድረጓን በማየትም ሆነ በመዳሰስ የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም። ከባለሙያዋ ጋር ብቻሽን ስትሆኚ «አልፈልግም» ማለት ይበቃል።

1. ቦታና ሰው መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ አይጠበቅብሽም። ጤና ጣቢያ ውስጥ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል የሚሠሩ አዋላጅ ነርሶች ይህን በየቀኑ ይሠራሉ፣ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች ግን ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ሴት ከፈለግሽ ካርድ ክፍል ላይ ጠይቂ፦ «ሴት ባለሙያ መቼ ነው የምትገኘው?» ወረፋ ጠብቀሽ ከገባሽ በኋላ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ያን ጊዜ ምርጫው ጠቦ ነው የሚገኘው።

ወንድ ሐኪም ቢሆን ሴት ነርስ አብራ እንድትቆም መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥሩ ሐኪም ራሱ ይጠራታል። አጃቢ ይዘሽ ከሄድሽ የምታረጋጋሽን ሰው ምረጪ። እናት ሁልጊዜ አታረጋጋም፣ አንዳንዴ ከልጇ በላይ የምትፈራው እሷ ናት። የማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ተማሪዎች ሊገቡ ይችላሉ፤ «ዛሬ ተማሪ ባይኖር ደስ ይለኛል» በይ። ፈቃድ የአንቺ ነው፣ ብትከለክዪም ሕክምናሽ አይቀርም።

ከአገር ውጭ ያለሽ ከሆነ ባልሽን ወይም ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዢ «የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ሴት ብትሆን» በይ። የስልክ አስተርጓሚ ይሻላል፤ ክፍሉ ውስጥ የለችም፣ የሚያውቅሽ የሰፈር ሰው የመሆን ዕድሏም አነስተኛ ነው።

2. ቀን መምረጥ

የወር አበባ ካበቃ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ከመጀመሪያው የደም ቀን ተቆጥሮ ከ10ኛው እስከ 20ኛው ቀን ምቹ ነው። ደም ሲኖር የማህፀን በር በደንብ አይታይም፣ ናሙናም ይበላሻል። ያስመጣሽ ነገር ራሱ የማያቆም ደም ከሆነ ግን እስኪቆም አትጠብቂ።

ከምርመራው በፊት ባሉት 48 ሰዓታት ግንኙነት፣ ወደ ብልት የሚገባ መድኃኒትና ክሬም ይቅር። ውስጥን መታጠብም እንዲሁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ሽታ ቢኖርስ» ብላ በሳሙና፣ በዴቶል ወይም በሎሚ ውስጧን ታጥባ የምትመጣ ሴት ሁለት ነገር አበላሽታ ትመጣለች። ባለሙያዋ ማየት የነበረባትን ፈሳሽ አጥባዋለች፤ ቆዳውንም ስላስቆጣችው ስፔኩለሙ ሲነካው ያቃጥላታል። ከውጭ በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል። ፀጉር መላጨትም አያስፈልግም፤ ትናንት በምላጭ የተላጨ ቆዳ ዛሬ ጓንት ሲነካው ያሳክካል።

ከምርመራው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊታይ ይችላል። ቅዳሴ ወይም ጸበል ያሰብሽ እንደሆነ ከምርመራው በፊት አድርጊው፣ በኋላ ከመጨነቅ ይገላግልሻል።

3. ጡንቻውን ማለማመድ

ከምርመራው በፊት ለሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። በርሽን ዝጊና ፍራሽ ላይ በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ እግርሽን መሬት ላይ አሳርፊ።

መጀመሪያ ጡንቻውን ፈልጊው። ሽንት እንደምትይዥ አድርገሽ አጥብቂ፣ 3 ቁጠሪ፣ ልቀቂ፣ 6 ቁጠሪ። ዋናው ነገር መልቀቁ ላይ ነው። ስትለቂ ወደ ታች የመውረድ፣ ክብደት የመጣል ዓይነት ስሜት ይሰማሻል፤ ምርመራው ላይ የምትፈልጊው ስሜት እሱ ነው። 10 ጊዜ ደጋግሚ።

ቀጥሎ እስትንፋስ። በአፍንጫ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ በአፍ 6 እየቆጠርሽ አውጪ፣ ትኩስ ቡና እፍ እንደምትይው ቀስ አድርገሽ። ስታወጪ ጡንቻው አብሮ ይላላል። ስትስቢ ሆድሽ ከፍ ይበል፤ ከፍ የሚለው ደረትሽ ከሆነ እጅሽን እምብርትሽ ላይ አድርገሽ እጅሽን ለማንሳት ሞክሪ።

ሦስተኛው የአዋላጆች ዘዴ ነው። እስትንፋስሽን እያወጣሽ በጣም ቀስ ብለሽ ወደ ታች አምጪ፣ አየር እንደምታስወጪ ያህል ብቻ። ሲያምጡ መግቢያው ይከፈታል እንጂ አይጠብቅም። ስፔኩለሙ ሲገባ ይህን ካደረግሽ ጡንቻው በዚያው ቅጽበት መኮማተር ያቅተዋል። ለማመን ካስቸገረሽ መስተዋት ይዘሽ እዪው።

መጨረሻ ላይ ጉልበቶችሽን ወደ ጎንና ወደ ጎን ጣያቸው፣ መቀመጫሽ ፍራሹን እንዳይለቅ። አልጋው ላይ የምትሆኚው እንደዚህ ነው፤ ሰውነትሽ ይህን አቀማመጥ ከዚህ በፊት ያውቀው።

4. የዕለቱ ጠዋት

ብዪ። ይህን የምንለው በምክንያት ነው። የማህፀን በር ሲነካ አንዳንድ ሴቶች ላይ የደም ግፊትና የልብ ምት ለቅጽበት ይወርዳል፤ ባዶ ሆድ ሲጨመርበት ራስ መሳት ሊያመጣ ይችላል። ጾም ላይ ከሆንሽና እስከ 9 ሰዓት የማትቀምሺ ከሆነ ቀጠሮሽን ከምግብ በኋላ አድርጊ፤ ወይም የጾም ወቅቱ እስኪያልፍ አቆዪው፣ የሚያጣድፍ ምልክት እስከሌለ ድረስ።

ሰፊ ቀሚስ ልበሺ። ሱሪ የለበሰች ከወገብ በታች ሙሉ በሙሉ መራቆት አለባት፤ ቀሚስ የለበሰች ፓንቷን ብቻ አውልቃ ቀሚሷን ትሰበስባለች። ነጠላ ያዢ። በየጤና ተቋሙ የሚሸፍኑበት አንሶላ ይኖራል ማለት አይደለም፣ ቢኖርም ከአንቺ በፊት ስንቷን እንደሸፈነ አታውቂም። ካልሲ ያዢ፣ የእግር ማሳረፊያው ብረት ይቀዘቅዛል። አንድ ሞዴስና ሶፍትም ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

ወረቀት ላይ የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ጻፊ፤ ያበቃበትን አይደለም። በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነም ጻፊ። ጥቅምት 10 በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 20 ነው፤ ስልክሽ ላይ ያለው መተግበሪያ በፈረንጅ ቆጥሮ ሐኪሟ በእኛ ከጻፈችው የእርግዝና ሳምንት ይዛባል። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች፣ አለርጂ ካለብሽም ጨምሪ።

ሽንትን በተመለከተ ቅደም ተከተሉን ጠይቂ። በሆድ ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ የሞላ ፊኛ ይፈልጋል፣ የእጅ ምርመራው ደግሞ ባዶ ፊኛ። ሁለቱም ከታዘዙ አልትራሳውንዱ ይቅደም፣ ከዚያ ሽንትሽን ሽኚ፣ የላቦራቶሪ ናሙና ከተፈለገም ያኔ ስጪ፣ ከዚያ አልጋው ላይ ውጪ። የሞላ ፊኛ ይዞ መመርመር ምቾት ይነሳል፣ «ያመልጠኛል» የሚለው ፍርሃት ራሱም ያኮማትራል።

5. ልብስ ሳታወልቂ የሚደረገው ወሬ

ጥያቄዎቹ ሁሉንም ሴት የሚጠየቁ ናቸው፦ የወር አበባ፣ ፈሳሽ፣ ግንኙነት፣ እርግዝና፣ ውርጃ፣ መከላከያ። «ግንኙነት አለሽ?» ሲሉሽ ሊፈርዱብሽ አይደለም፤ የትኛው መሣሪያና የትኛው ምርመራ እንደሚሆን የሚወሰነው በመልስሽ ነው። አጃቢሽ ፊት መመለስ ካልፈለግሽ «ለብቻዬ ማነጋገር እፈልጋለሁ» በይ።

ከዚያ አንቺ ተናገሪ። ቃሉ ካልመጣልሽ ይሄን ውሰጂ፦ «ሲስተር፣ ስመረመር የመጀመሪያዬ ነው፤ ፈርቻለሁ። ከመንካትዎ በፊት ይንገሩኝ። እጄን ካነሳሁ ያቁሙልኝ፣ እሺ?» መጨረሻ ላይ ያለችውን «እሺ?» አትተዪያት፣ መልስ እስክታገኚ ጠብቂ። ይህን ሰምታ የምትቆጣ ባለሙያ ካጋጠመችሽ የመነሳት መብት አለሽ።

ተገደሽ የምታውቂ ከሆነ ዝርዝሩን መናገር አይጠበቅብሽም። «ከዚህ በፊት ጉዳት ደርሶብኛል፣ ቀስ ይበሉልኝ» ይበቃል። ግርዛትም እንዲሁ ቀድሞ መነገር አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል፣ ስለዚህ ለባለሙያዋ አዲስ ነገር አይደለም። ጠባሳው ሲለጠጥ ያማል፣ መግቢያውም ጠቦ ሊሆን ይችላል። የተሰፋ ከሆነ ስፔኩለም በግድ መግባት የለበትም፤ በአንድ ጣት ወይም በአልትራሳውንድ ይተካል።

6. አልጋው ላይ

መጋረጃው ወይም መከለያው መዘጋቱን እዪ፣ በሩ እንዲቆለፍ ጠይቂ። ድንገት የሚከፈት በር የሦስት ቀን ልምምድ ያፈርሳል። ፓንትሽን አውልቀሽ ነጠላሽን ከወገብሽ እስከ ጉልበትሽ አልብሺ።

አሁን በጣም አስፈላጊዋ ነገር፦ መቀመጫሽ አልጋው ጠርዝ ድረስ ይውረድ፣ እንዲያውም ትንሽ ወጣ ይበል። «ትንሽ ወረድ በይ፣ ትንሽ፣ አሁንም ትንሽ» የሚሉት ለዚህ ነው። እፍረት ወደ ላይ ያሸሻል፣ ሽሽቱ ግን ያሳምማል። ምክንያቱም የብልት ቱቦ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ ጀርባ አጥንት አቅጣጫ ያዘነብላል፤ ስፔኩለሙም ወደ ታችና ወደ ኋላ ተዘቅዝቆ መግባት አለበት። መቀመጫሽ ወደ ላይ ከሸሸ የመሣሪያው እጀታ አልጋውን እየነካ አፉ ወደ ላይ ይቀናል። ላይኛው በኩል የሽንት ቱቦና አጥንት አሉ፣ በጣም የሚያመውም እዚያ ነው። የታችኛው ግድግዳ ብዙ ይችላል።

የእግር ማሳረፊያ የሌለው አልጋ ከሆነ ተረከዝሽን ጠርዙ ላይ አድርጊ፣ መቀመጫሽ ሥር የታጠፈ ጋቢ ወይም አንሶላ ይግባ። ጭንቅላትሽ ትንሽ ከፍ ቢል ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ የተኛ ሰው ምንም ስለማያይ ይበልጥ ይፈራል። እጆችሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። ከራስሽ በላይ ካነሳሻቸው የሆድ ጡንቻ ይወጠራል፣ ባለሙያዋም ማህፀኑን መዳሰስ ያቅታታል።

7. ስፔኩለሙ

እንደ ዳክዬ አፍ ያለ ሁለት ምላስ ያለው መሣሪያ ነው፣ ብረት ወይም ፕላስቲክ። መጠኑ ይለያያል፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ወልዳ ለማታውቅ ሴት ትንሹ ወይም ጠባቡ ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ትንሹ ይሁንልኝ» ማለት ይቻላል። ለማየት ጠይቂ፤ በዓይን ያላዩት መሣሪያ በሐሳብ ሁልጊዜ ትልቅ ነው። የብረቱ ከሆነ ታጥቦ በእንፋሎት የተቀቀለ መሆኑን መጠየቅም መብትሽ ነው። ለብ ያለ ውኃ ቢነከር ቅዝቃዜው ይጠፋል፣ ውኃውም ያንሸራትተዋል።

መጀመሪያ ጓንት ያደረገ እጅ ጭንሽን፣ ከዚያ የብልትሽን ከንፈር ይነካል። እጁ ብልት ላይ ቀጥታ ከማረፉ በፊት ጭን መነካቱ ድንጋጤን ይቀንሳል፤ ካልተደረገ «ጭኔን አስቀድመው ይንኩ» በይ። ከዚያ የስፔኩለሙ ጫፍ መግቢያው ላይ ያርፋል። እዚህ ጋ ነው ትንፋሽሽን የምታወጪው፣ እፍ እያልሽ፣ በቀስታ ወደ ታች እያማጥሽ። የሚሰማሽ ግፊትና መለጠጥ ነው። የሚወጋ ወይም የሚያቃጥል ሕመም ከሆነ እጅሽን አንሺ።

ከገባ በኋላ «ቀጭ» የሚል ወይም ብሎን የሚጠብቅ ድምፅ ትሰሚያለሽ። የፕላስቲኩ ድምፅ ጎላ ይላል፣ የተሰበረ ነገር የለም፤ ምላሶቹ ተከፍተው ተቆለፉ ማለት ነው። ባለሙያዋ የማህፀንሽን በር አሁን እያየችው ነው።

ፓፕ ስሚር (ከማህፀን በር ላይ ሕዋስ ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚታይበት ምርመራ) ወይም የኤችፒቪ ናሙና ከሆነ በትንሽ ብሩሽ ይጠረጋል፣ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ለአፍታ ቆንጠጥ ያደርጋል። በጤና ጣቢያ የሚሠራው ሌላው ዘዴ ደግሞ በአቼቶ ነው፦ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ተነክሮ የማህፀን በር ላይ ይቀባል። ክፍሉ የሰላጣ ሽታ ይሸታል፣ ትንሽ ያቃጥልሽ ይሆናል። ከዚያ 1 ደቂቃ ሙሉ ይጠበቃል። ዝም ያሉሽ መጥፎ ነገር ስላዩ አይደለም፣ ሰዓት እየቆጠሩ ነው። በዚያ ደቂቃ 6 ጊዜ ተንፍሺ፣ 4 ወደ ውስጥ 6 ወደ ውጭ፤ ደቂቃው ልክ ይሞላል።

ሲወጣ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ድንገት ጭንሽን አትዝጊ፣ ወደ ኋላም አትሽሺ። መሣሪያው ክፍት ሆኖ ብትንቀሳቀሺ የሚቆነጥጥሽ እሱ ነው። «ይቁም» ካልሽ በኋላ ባለሙያዋ ቁልፉን ፈትታ እስክታወጣው ሁለት ትንፋሽ ያህል ባለሽበት ቆዪ።

8. በእጅ የሚደረገው

ጓንት ያደረጉ ሁለት ጣቶች ከውስጥ፣ ሌላው እጅ ከእምብርት በታች ሆድሽ ላይ። በመካከል ማህፀንሽ አለ። ሽንት ሽንት ሊልሽ ይችላል። በግራና በቀኝ ያለው ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው ክፍል) ሲነካ ድንገተኛ የሚያስደነግጥ ስሜት ይመጣል፤ ለአንድ ሰከንድ ከሆነ ጤናማ ነው። የማህፀን በር ወዲህ ወዲያ ሲነቃነቅ ጩኸት የሚያስወጣ ሕመም ካለ ግን አትቻዪው፣ ተናገሪ፤ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ታካሚ ለመምሰል ጥርስ መንከስ ባለሙያዋ የምትፈልገውን መረጃ መደበቅ ነው።

አልሆን ሲል

ቁልፍ ስህተቱ ብዙ ጊዜ እስትንፋስን መያዝ ነው። መያዝሽን የምታውቂበት ዘዴ፦ መናገር ያቅትሻል። ስለዚህ ከባለሙያዋ ጋር ስለምንም ነገር አውሪ፣ ስለ ዝናቡም ቢሆን፤ የሚናገር ሰው እየተነፈሰ ነው። ሁለተኛው ዳሌን ማንሳት ነው። ወገብሽ ከአልጋው ከለቀቀ «ወገቤን ልጣል» ብለሽ አውጂና ጣዪው።

ለሚያጠቡና ላረጡ ሴቶች ሆርሞን ስለሚቀንስ ውስጡ ይደርቃል፤ በውኃ የተሠራ ጄል በጥቂቱ ይጠየቅ። የማህፀን በር ወደ ኋላ ዞሮ አልታይ ካለ ጡጫሽን ጨብጠሽ መቀመጫሽ ሥር ማስገባት ይረዳል። በጀርባ መተኛት የሚያስጨንቅሽ ከሆነ በግራ ጎን ተኝቶ፣ ቀኝ ጉልበትን ወደ ደረት አጥፎ መመርመር ይቻላል። አንዳንድ ሴት ደግሞ ስፔኩለሙን ራሷ ስታስገባው ፍርሃቷ ይለቃል፤ ባለሙያዋ እጀታውን ከዚያ በኋላ ትይዛለች። የኤችፒቪ ምርመራ ባለበት ቦታ ናሙናውን ራስሽ በጥጥ ዘንግ መውሰድም ይቻላል፣ ያኔ ስፔኩለም የለም።

ጆሮሽ ከጮኸ፣ ካዛጋሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበሽ «ሊጥለኝ ነው» በይ። ምርመራው ይቁም፣ ጭንቅላትሽ ዝቅ እግርሽ ከፍ ይበል፣ በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል።

ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ጡንቻው ፈጽሞ ካልተከፈተ ሦስተኛ መሞከር የለበትም። ያለ ፈቃድ የሚዘጋ ጡንቻ ራሱን የቻለ የሚታከም ችግር ነው። «ባል ስታገቢ ይተውሻል» የሚል መልስ አትቀበዪ፤ ሌላ ቀጠሮ ያዢ።

9. ከተነሳሽ በኋላ

ወዲያው ዘለሽ አትነሺ። መጀመሪያ ወደ ላይ ሸሸት በይ፣ በጎንሽ ዞረሽ ተቀመጪ፣ 2 ደቂቃ ቆዪ። ሞዴስሽን አድርጊ። ልብስሽን ለብሰሽ ተቀምጠሽ እንጂ አልጋው ላይ ሆነሽ ውጤት አትስሚ፤ የተራቆተ ሰው የሚነገረውን ግማሹን አይሰማም። ምን እንዳዩ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ መቼና በምን እንደሚደርስሽ፣ መቼ እንደምትመለሺ ጠይቂና ስልክሽ ላይ ጻፊው።

የአቼቶው ውጤት እዚያው ይታወቃል። ነጭ የሆነ ቦታ ታየ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ወደ ካንሰር ሳይደርስ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ በደቂቃዎች የሚታከም ለውጥ ነው፣ አንዳንዴም በዕለቱ። ከዚያ ሕክምና በኋላ ለሳምንታት ውኃ መሳይ ፈሳሽ ይኖራል፣ ግንኙነትም ለአንድ ወር ገደማ ይቆማል። ይህን ሳይነግሯት የሄደች ሴት ፈሳሹን አይታ ትደነግጣለች።

ከተራ ምርመራ በኋላ ቀላል ቁርጠትና አንድ ሁለት ቀን ጠብ የሚል ደም ልማድ ነው፣ ለቁርጠቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ተመለሺ።

ከመውጣትሽ በፊት አንድ ነገር ካርድሽ ላይ አስጽፊ፦ የትኛው የስፔኩለም መጠን፣ በየትኛው አቀማመጥ እንደተስማማሽ። የሚቀጥለው ጊዜ የምታይሽ ባለሙያ ሌላ ልትሆን ትችላለች።